ክር የቡችላ ፀጉር የሚመስለው እንዴት ነው?

ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቡችላ ፊት አይታችሁ፣ ፎቶ መስሏችሁ፣ ጠጋ ስትሉ ክር ሆኖ አግኝታችሁት ታውቁ ይሆናል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ "ይሄ ስንት ዓይነት ስፌት ገብቶበታል?" መልሱ አንድ ወይ ሁለት ነው። አብዛኛው ፊት የተሞላው ልጅ እንኳ በሚችለው ቀጥ ያለ ስፌት ነው። መርፌው ይወጣል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ ይገባል። አለቀ።

ጣጣው ሌላ ቦታ ነው። እያንዳንዷ ስፌት ወዴት ትተኛ? የትኛዋ በየትኛዋ ላይ ትረፍ? ብርሃኑ የት ይድመቅ፣ የት ይጥፋ? ይህን የሚመልሰው ዓይን ነው። እጅ የታዘዘውን ይሠራል።

እዚህ ሐዋሳ የጥልፍ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። የትራስ ልብስ፣ የአልጋ ልብስ፣ የሐበሻ ቀሚስ አንገት የሚጠልፉ እናቶችና እህቶች በየሰፈሩ አሉ። እጃቸው የተፈታ ነው። ቡችላ ሲሞክሩ ግን ብዙ ጊዜ አሻንጉሊት ይወጣቸዋል። የለመዱት ጥልፍ ክሩ ራሱ እንዲታይ የሚፈለግበት ነዋ! አበባ ሲጠለፍ ስፌቶቹ እኩል ሆነው ተጠጋግተው ሲሰለፉ ነው "እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ" የሚባለው። ቡችላ ላይ ግን እኩልነት ሥራውን ይገድለዋል። ፀጉር እኩል አይበቅልም።

ክሩ ለምን ያበራል?

አንድ ነገር ሞክሩ። ከአንድ ጥቅል ቡናማ የጥልፍ ክር ቁረጡ። በእሱ ትንሽ ካሬ ወደ ላይና ወደ ታች በሚሄድ ስፌት ሙሉ። ከጎኑ ሌላ ካሬ ግራና ቀኝ በሚሄድ ስፌት ሙሉ። ጨርቁን ይዛችሁ መስኮት አጠገብ ቁሙ። ሁለቱ ካሬዎች የተለያየ ቡናማ ሆነው ይታያሉ፤ አንዱ ፈካ ይላል፣ ሌላው ይጠቁራል። ጨርቁን ሩብ ዙር አዙሩት። አሁን ቦታ ይቀያየራሉ።

የጥልፍ ክር ተራ ጥጥ አይደለም። እንግሊዛዊው ጆን መርሰር እ.ኤ.አ. በ1844 ጥጥ በኮስቲክ ሶዳ ሲነከር ጠባዩ እንደሚለወጥ አገኘ። በ1890 ደግሞ ሆራስ ሎው የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ክሩ እንደተወጠረ ቢነከር የሐር ዓይነት ወዝ እንደሚያወጣ አሳየ። የጥጥ ቃጫ በተፈጥሮው ጠፍጣፋና ጥምዝምዝ ነው። ሶዳው ያሳብጠውና ክብና ለስላሳ ያደርገዋል። ለስላሳና ክብ የሆነ ቃጫ ደግሞ ብርሃኑን አይበትነውም፤ ወደ አንድ ወገን ይመልሰዋል። ጤናማ የውሻ ፀጉርም የሚያብለጨልጨው በዚሁ መንገድ ነው።

ስለዚህ ስፌታችሁ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ከተኛ፣ የብርሃንና የጥላውን ግማሽ ሥራ መስኮቱ ይሠራላችኋል። በተሳሳተ አቅጣጫ ከተኛ ግን ገበያውን ሙሉ ቀለም ብትገዙ አያድነውም።

"ታዲያ ማሽን አይሠራውም ወይ?" ይባላል። ይሠራዋል። ግን ማሽኑም ቢሆን የእያንዳንዱን ስፌት አቅጣጫ አስቀድሞ በኮምፒውተር የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ፀጉሩን ካላነበበ ማሽኑም አሻንጉሊት ነው የሚያወጣው፤ በፍጥነት ማውጣቱ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ከፎቶው ይጀመራል

መጥፎ ፎቶ ይዞ ጥሩ ጥልፍ መሥራት አይቻልም። ይህን ሳልለሳልስ ነው የምናገረው፤ ምክንያቱም ሰው የቡችላውን ፎቶ ከላይ ወደ ታች፣ በፍላሽ፣ እየሮጠ እያለ አንስቶ "ይሄን ጥለፊልኝ" ይላል። ፍላሽ የፀጉሩን ጥላ ሁሉ ያጠፋዋል። ከላይ የተነሳ ፎቶ ደግሞ ግንባሩን አግዝፎ አገጩን ይውጠዋል።

ቁጭ በሉ፣ ካስፈለገም ተንበርከኩ። ካሜራው ከቡችላው ዓይን እኩል ይሁን። ሐዋሳ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ናት። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ቅንድቡ ዓይኑን ያጠላበታል። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ፣ ብርሃን ከጎን ሲመጣ አንሱት። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ሲበለት አባ ኮዳ ከሚባለው ትልቅ ወፍ ጋር የሚሻሙትን ቡችሎች ጠዋት ላይ ሄዶ ማየት ነው። ጎናቸውን ሲሰጡ እያንዳንዱ የፀጉር ቁንጮ ለብቻው ይነበባል።

ሌላው ልኬት ነው። ቡችላን ቡችላ የሚያሰኘው ክብ ጭንቅላት፣ ሰፊ ግንባርና አጭር አፍ ነው። ዓይኖቹም ከአዋቂ ውሻ ይልቅ ወደ ፊቱ መሃል ዝቅ ያሉ ይመስላሉ። አፉን በሁለት ሚሊ ሜትር ብታስረዝሙት በአንድ ሌሊት አድጎ ቁጭ ይላል። ስለዚህ በዓይን ግምት አትሳሉ። ፎቶውን በምትፈልጉት መጠን አሳትሙና ጠዋት የመስኮት መስታወት ላይ ለጥፋችሁ፣ ጨርቁን ከላይ አድርጋችሁ በሹል እርሳስ ኮፒ አድርጉ።

አንድ ተጨማሪ ኮፒ በጥቁርና ነጭ አሳትሙ። ቀለም ያታልላል። ቀይ ዳማ የሆነው ጆሮና ጠይሙ ጉንጭ በቀለም ሲታዩ የተለያዩ ይመስላሉ፤ በጥቁርና ነጭ ሲታዩ ግን አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ፊቱን ከጨርቁ ላይ የሚያነሳው የጨለማና የብርሃን ልዩነት ነው። የቀለሙ ስም ሁለተኛ ነው። በሥራ መሃልም ጥልፉን በስልክ በጥቁርና ነጭ አንስታችሁ ከኮፒው ጋር አስተያዩት።

የፀጉር ካርታ

በእኔ እምነት ከሥራው ሁሉ ዋናው ይህ ነው። ብዙዎች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው።

ሁለተኛውን ኮፒ ጠረጴዛ ላይ አድርጉና በእስክሪብቶ ትናንሽ ቀስቶች ሳሉበት። ቀስቱ ፀጉሩ የሚሄድበትን ያሳያል። የውሻ ፊት ፀጉር መነሻው አፍንጫ ነው። ከጥቁሩ አፍንጫ ጀርባ ይነሳና በአፍንጫው ድልድይ ሽቅብ ወደ ግንባር ይወጣል። ዓይኖቹ መካከል ሲደርስ ወደ ግራና ቀኝ ይከፈላል። ከቅንድብ በላይ ወደ ላይና ወደ ውጭ ይሄዳል። ጉንጩ ላይ ወደ ኋላና ወደ ታች ወደ አንገት ይወርዳል። ጆሮ ላይ ከሥሩ ተነስቶ ወደ ጫፉ ይፈስሳል። ደረት ላይ ወደ ታች ነው፤ ብዙ ውሾች እዚያ ጋ ጠምዘዝ የሚል ቦታ አላቸው።

አቅጣጫው በድንገት አይታጠፍም። ሽቅብ የሚሄደው ወደ ጎን እስኪዞር ድረስ በመሃል ብዙ ቀስቶች ቀስ በቀስ ማጋደል አለባቸው። ርዝመቱም ይለያያል። አፉ ላይ ፀጉሩ በጣም አጭር ስለሆነ ስፌቱ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ጆሮና ደረት ላይ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር መሄድ ይችላል። አፉ ላይ ረጅም ስፌት ካስገባችሁ ቡችላው ጢም ያበቅላል።

ጨርቅና ክር

ጨርቁ ጠበቅ ብሎ የተሠራ ጥጥ ይሁን። አቡጀዲ ይሆናል። ያረጀ ጥሩ አንሶላም ይሆናል። ብቻ መጀመሪያ በሙቅ ውኃ ይታጠብና ይሸብሸብ፤ ከተጠለፈ በኋላ ቢሸበሸብ ፊቱንም ይዞት ይሄዳል። በእጅ የተሸመነ ሳሳ ያለ ሸማ ያምራል፣ ግን ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ቀጭኗ ስፌት ውስጡ ትጠፋለች። የግድ በሸማ ካላችሁ ከሥሩ አቡጀዲ ደርቡለት። ጨርቁን የሚወጥረው ክብ እንጨት ውስጥ ስታስገቡት በጣት ሲመታ ድም ማለት አለበት። ከላላ ስፌቱ ይኮማተራል።

የጥልፍ ክር በተለምዶ ስድስት ቀጫጭን ፈትሎች አንድ ላይ ሆነው ነው የሚሸጠው። ለፀጉር አንዱን ፈትል ብቻ ነው የምትጠቀሙት። አንድ ክንድ ያህል ቁረጡ፤ ከዚያ ከበለጠ ጨርቁ ውስጥ ሲመላለስ ይሻክራል፣ ያ የተነጋገርንበት ወዝም ይጠፋል። ከስድስቱ መካከል አንዱን ወደ ላይ ሳቡት፣ ሌሎቹ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ አስተካክሏቸው። ሁለት ሁለቱን አንድ ላይ ለመሳብ ከሞከራችሁ ግን ተጠላልፎ ያናድዳችኋል።

እ.ኤ.አ. በ1746 ሙሉዝ ከተማ የተመሠረተው የፈረንሳዩ የክር ኩባንያ ዲኤምሲ ለእያንዳንዱ ቀለም ቁጥር ሰጥቶ ነው ክሩን የሚሸጠው። 500 ያህል ቀለም አለው፣ አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ነው። ለቡላ ወይም ለዳማ ቡችላ የሚሆን የተዘጋጀ መሰላል አለ፤ 433፣ 434፣ 435፣ 436፣ 437፣ 738፣ 739። ከጠቆረ ቡናማ እስከ ክሬም ድረስ ደረጃ በደረጃ ይፈካል። ለጥላው 801፣ 898 እና 938 ይጨመራሉ። ጥቁሩ 310 ነው። ቁጥር የሌለው የገበያ ክር ከገዛችሁም ችግር የለም፤ መሰላሉን በዓይናችሁ ሥሩት። ብቻ የሚያስፈልጋችሁን በአንዴ ግዙ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመለሱ ያው ቡናማ ላይገኝ ይችላል። ርካሽ ክር ቀለም ሊለቅም ይችላል። ከመጀመራችሁ በፊት በረጠበ ነጭ ጨርቅ ጨበጥ አድርጉት፤ ጨርቁ ከቀላ ወይም ከጠቆረ ሌላ ፈልጉ።

ሁለት ቀለም መካከል ክፍተቱ ከሰፋባችሁ ከሁለቱም አንድ አንድ ፈትል አውጥታችሁ በአንድ መርፌ አስገቧቸው። መካከለኛ ቀለም ይወጣል። የቡችላ ፀጉር ራሱ ቅይጥ ስለሆነ፣ አንዳንዴ ከተገዛው መካከለኛ ቀለም ይህ ይበልጣል።

ከየት ወደ የት?

የሳር ቤት ሲከደን አይታችሁ ከሆነ ይህን ክፍል ገና ሳላስረዳችሁ ገብቷችኋል። ሳሩ ከታች ከጠርዙ ነው የሚጀመረው። ቀጣዩ ረድፍ የበፊቱን አናት እየሸፈነ ወደ ላይ ይወጣል። የቡችላ ፀጉርም እንደዚያው ነው። አፍንጫ አጠገብ ያለው ፀጉር ጫፉ ከእሱ ወዲያ ባለው ፀጉር ሥር ላይ ያርፋል። ስለዚህ ጥልፉ ከአፍንጫ ሩቅ ከሆነው ቦታ፣ ከጆሮ ጫፍ፣ ከአንገትና ከጉንጭ ዳር ተነስቶ ወደ አፍንጫ ይመጣል። ከአፍንጫ የጀመረ ሰው ፀጉሩን ገልብጦ ከደነው ማለት ነው።

የመጀመሪያው ረድፍ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ መካከለኛ እየተባለ ይሰፋል። ቀጣዩ ረድፍ ላይ መርፌው ካልተጠለፈው ጨርቅ ይወጣና በፊት በተሰፋው ክር መሃል ይገባል። እንዲህ ሲሆን የፀጉሩ ጫፍ ከሌላው መካከል ሰምጦ ይጠፋል። መጋጠሚያው አይታይም። ሁሉም ስፌት አንድ ቦታ ላይ ካለቀ ግን ፊቱ ላይ መስመር ይወጣል፤ ያ መስመር ደግሞ ከሦስት ሜትርም ይታያል።

በዚህ ላይ ማመን ያለባችሁ ነገር፣ መሃል ላይ ጥልፉ አስቀያሚ ነው። የመጀመሪያው ሽፋን ሲያልቅ ቡችላው የታመመ ይመስላል። አትፍቱት። ከላዩ ሌላ ሽፋን ይመጣል፤ ሳሳ ያሉ የፈኩ ስፌቶች እዚህም እዚያም፣ ጥቁር ጥላዎች ከጆሮው ሥርና ከአገጩ በታች። በአንድ ቦታ ሦስትና አራት ሽፋን መደራረብ የተለመደ ነው። በአንድ ፈትል የሚሠራ የመዳፍ ስፋት ያለው ፊት በአስር የሚቆጠሩ ሰዓቶች ይወስዳል።

(እግረ መንገዴን፦ ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ቤት ውስጥ ነጭ ጨርቅ ሲሠራ ሁልጊዜ ይሸፈን። በርበሬ የነካ እጅስ? እሱን እንኳ ባንነጋገር ይሻላል።)

ቻይናውያኑ የሱዡ ከተማ ጠላፊዎች ይህን ነገር ጫፍ አድርሰውታል። አንዱን የሐር ክር በእጃቸው እየሰነጠቁ ዓይን እስኪቸገር ያቀጥኑታል። በጨርቁ በሁለቱም ወገን የሚታዩ የጥልፍ ድመቶቻቸው በዓለም የታወቁ ናቸው። እኛ እስከዚያ መሄድ አይጠበቅብንም፤ አንዱ የጥጥ ፈትል ለቡችላ ፀጉር በቂ ቀጭን ነው።

ዓይን

ብዙ ጠላፊ ዓይኑን መጨረሻ ላይ ያደርገዋል። እኔ መጀመሪያ ቢሠራ እላለሁ። ዓይኑ ካልሆነ ቀሪውን መልፋት ዋጋ የለውም፤ ከሆነ ደግሞ ለቀሪው ሰዓት ሁሉ እያየ ያበረታችኋል።

የቡችላ ዓይን ከሩቅ ጥቁር ይመስላል። ጥቁር ብቻ አድርጋችሁ ከሞላችሁት ግን ቁልፍ ነው የሚሆነው። መሃሉ ጥቁር ነው። ዙሪያው ጥቁር ቡናማ ነው። ከላይ በኩል የዓይን ቆብ ስለሚያጠላበት ይጨልማል። አሁን ወደ ምሥጢሩ፦ ብርሃን ከላይ ግራ ከመጣ፣ ቡናማው ከታች ቀኝ በኩል ይፈካል። ብርሃኑ በዓይኑ ውስጥ አልፎ ማዶውን ያበራዋል። እዚያ ጋ 434 ወይም 435 ጥቂት ስፌት ብታስገቡ ዓይኑ ጥልቀት ያገኛል።

ከዚያ ነጩ ነጥብ ይመጣል። ትንሽ ናት፣ አንድ ወይ ሁለት ስፌት። ያለ እሷ ቡችላው አያያችሁም። ሁለቱም ዓይን ላይ በአንድ ወገን ትሁን፤ አንዱ ግራ ሌላው ቀኝ ከሆነ ቡችላው ይሸውራል። ዙሪያውን በቀጭን ጥቁር አጥሩት፤ ከዚያ የቅንድብ ፀጉር ትንሽ ወደ ጥቁሩ መስመር ይግባበት። አለበለዚያ የተኳለ ይመስላል።

አፍንጫ፣ ጢምና ከፍ ያለ ፀጉር

የውሻ አፍንጫ ቆዳ በትናንሽ እብጠቶች የተሞላ ነው። የእብጠቱ አቀማመጥ እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንዱ ውሻ ወደ ሌላው ይለያያል። ስለዚህ እዚህ ላይ ረጅም ስፌት አይገባም። ክሩን መርፌው ላይ አንዴ ወይ ሁለቴ ጠምዝዛችሁ የምትሠሯት ትንሽ ቋጠሮ ናት የምትስማማው። ጥቁርና ጥቁር ግራጫ ቋጠሮዎች ተቀላቅለው፣ ከላይ በኩል ጥቂት ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ ሲጨመር አፍንጫው እርጥብ ይመስላል።

አፉ ከፊቱ ወደ ፊት ወጣ እንዲል ከፈለጋችሁ ከሥሩ ወፈር ባለ ክር፣ ሦስት ፈትል ይዛችሁ፣ ከላይኛው ፀጉር አቅጣጫ በተቃራኒ አስቀድማችሁ ሙሉት። ከላይ ቀጭኑ ሲመጣበት ከፍ ብሎ ይቀራል። ለደረት ደግሞ እውነተኛ የቆመ ፀጉር መሥራት ይቻላል፦ ክሩን ቀለበት እየተዋችሁ ትሰፉና ቀለበቶቹን በመቀስ ቆርጣችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ታበጥሩታላችሁ። ሰው ይህን በጣም ይወደዋል። እኔ ግን በትንሹ ይሁን ባይ ነኝ። ፊቱን ሁሉ እንደዚያ ካደረጋችሁት ከሱቅ የተገዛ አሻንጉሊት ጋር ልዩነት አይኖረውም።

ጢሙ የመጨረሻው ነው። አንድ ፈትል በሰም አሳልፋችሁ አንድ ረጅም ስፌት ወርውሩ። ሰሙ ክሩን ያጠነክረዋል፣ አይንከረፈፍም።

ጥቁር ቡችላና ነጭ ቡችላ ላይ ብዙ ሰው ስለሚሰናከል አንድ ቃል ልጨምር። ጥቁሩ በ310 ብቻ ከተሞላ ጨርቁ ላይ ጉድጓድ የተቆፈረ ይመስላል። ብርሃን ያረፈበት ቦታ ግራጫና ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ ይፈልጋል፣ ጥላው ደግሞ ጥቁር ቡናማ። 310 ለጨለማው ጥግ ይቀመጥ። ነጩም እንደዚያው፤ አብዛኛው ፊት ክሬምና ቀላል ግራጫ ሆኖ፣ ንጹሕ ነጭ የሚገባው ብርሃን በቀጥታ በመታበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ነጭ ቡችላ በነጭ ጨርቅ ላይ ደግሞ ራሳችሁን አታሰቃዩ። ጨርቁን ቀለም ያለው አድርጉት።

ሲያልቅ

ለሰው የምትሠሩ ከሆነ ዋጋውን በሰዓት አስቡ፣ ቀብድም ተቀበሉ። "ክር እኮ ነው" የሚል ደንበኛ አይጠፋም። ለእሱ በግማሽ የተሠራውን ማሳየት ከመከራከር ይሻላል።

ክሩ ቀለም የማይለቅ መሆኑን ካረጋገጣችሁ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና አጥባችሁ፣ ፎጣ ላይ በፊቱ ደፍታችሁ በጀርባው ተኩሱት። ከፊት በኩል ካውያ ከነካው ፀጉሩ ይተኛል። ከዚያ ጠንካራ ካርቶን ላይ ወጥራችሁ ጠርዙን ከጀርባ በክር እያመላለሳችሁ እሰሩት። ማስቲሽ ከጊዜ በኋላ ጨርቁን ቢጫ ያደርገዋል። የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፤ ቀለሙ ይበላል። መስታወት የሚገባለት ከሆነ ደግሞ ክፈፍ የሚሠራው ሰው በመስታወቱና በጨርቁ መካከል ቀጭን እንጨት ያስገባበት። መስታወቱ ጥልፉን ከነካው ደረቱ ላይ ያቆማችሁት ፀጉር ተጨፍልቆ ይቀራል።